መቂና አዋሽ የተለያዩበት መሬት፦ ወንዞች በረጅም ዘመን አቅጣጫቸውን የሚቀይሩት እንዴት ነው?

ከአዳማ ተነስቶ በሞጆ በኩል ወደ ባቱ የሚጓዝ ሰው ቆቃ አካባቢ የአዋሽን ድልድይ ይሻገራል፤ ዓለም ጤናን አልፎ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ መቂ ከተማ ላይ የመቂን ወንዝ ያገኛል። በሁለቱ ድልድዮች መካከል ዓይን የሚይዝ ተራራ የለም። ግራር ጣል ጣል ያለበት፣ ማሳው እስከ አድማስ የተንጣለለ፣ ለጥ ያለ መሬት ነው። ይሁንና አዋሽ ከዚህ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዞሮ በወንጂ፣ በመልካሳና በሶደሬ በኩል ወደ አፋር ይወርድና፣ ከምንጩ ጀምሮ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው አቤ ሐይቅ ያበቃል። መቂ ግን ዝዋይ ሐይቅ ይገባል፤ ከዝዋይ የሚተርፈውም ውሃ በቡልቡላ ወንዝ አድርጎ ወደ ደቡብ፣ ወደ አብያታ ይወርዳል። እንዲህ ተቀራርበው የሚፈሱ ሁለት ወንዞች ተቃራኒ መንገድ የያዙበት ምክንያት ምንድን ነው?

ጥያቄውን የሚያከብደው ሌላም ነገር አለ። የዝዋይ ሐይቅ የውሃ ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ 1,636 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የቆቃ ሐይቅ ሲሞላ ከፍታው 1,590 ሜትር ገደማ ነው። ዝዋይ ከቆቃ በ45 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተቀምጧል ማለት ነው። ውሃ ቁልቁል የሚሄድ ከሆነ፣ ዝዋይ ወደ አዋሽ መፍሰስ ነበረበት። የማይፈሰውም በመካከል ያለው፣ በመኪና ሲያልፉት ከፍታ መሆኑ የማይታወቀው መሬት፣ ከሐይቁ የውሃ ገጽ በላይ ሠላሳ ሜትር ያህል ስለሚነሳ ነው። ከዛሬ 9 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ግን ውሃው ያንን ከፍታ አልፎ ይፈስ ነበር፤ ዛሬ አብያታ ገብቶ የሚቀረው የመቂ ውሃ በዚያ ዘመን ከአዋሽ ጋር ተቀላቅሎ፣ ዛሬ አዳማ የተመሠረተችበትን መሬት በደቡብ በኩል አልፎ፣ ወደ አፋር ይወርድ ነበር። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው ነገር እንዴት እንደሚሆን በቀላል ቋንቋ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር መጨበጥ ይጠቅማል፦ ወንዝ የራሱ የሆነ አቅጣጫ የለውም። በካርታ ላይ ስም ተሰጥቶት፣ በሰማያዊ መስመር ተስሎ ስናየው መንገዱን ይዞ የተፈጠረ ይመስለናል እንጂ፣ አቅጣጫው የወንዙ ሳይሆን የመሬቱ ነው። ውሃ በእያንዳንዷ እርምጃ የሚያውቀው ከፊቱ ያለውን ተዳፋት ብቻ ነው። ስለዚህ ወንዝ እንዴት አቅጣጫ ይቀይራል ብሎ መጠየቅ፣ ተዳፋት እንዴት ይቀየራል ብሎ ከመጠየቅ አይለይም። ተዳፋትን የሚቀይሩት ደግሞ በዋነኛነት የውሃው የራሱ መሸርሸርና ደለል ማስቀመጥ፣ የመሬት ቅርፊት መነሳትና መስመጥ፣ እሳተ ገሞራ የሚተፋው ቅልጥ አለት፣ እንዲሁም የአየር ንብረት ለውጥ ናቸው። ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ሁለቱ ወይም ሦስቱ አንድ ላይ ይሠራሉ።

ከመሸርሸር እንጀምር፤ ይህኛውን እያንዳንዱ ገበሬ ያውቀዋልና። በአዳማ ዙሪያ ባሉት ኮረብቶች አፈሩ በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ አመድና ከአረፋ ድንጋይ የመጣ፣ ልልና ቀላል ስለሆነ፣ ቦረቦር በቶሎ ያወጣል። ክረምት ሲገባ የአንድ ቦረቦር አፍ ላይ ቆሞ ያስተዋለ ሰው አንድ አስገራሚ ነገር ያያል። ጎርፉ ቁልቁል ይወርዳል፤ ቦረቦሩ ግን ሽቅብ ያድጋል። ከላይ የሚወርደው ውሃ በቦረቦሩ ጫፍ ላይ ሲንደረደር የግድግዳውን እግር ያጥበዋል፤ እግሩ ሲሟሽሽ ከላይ ያለው አፈር ከነሣሩ ይናዳል፤ በነጋታው ጫፉ አንድ ክንድ ያህል ወደ ማሳው ገብቶ ይገኛል። ገበሬው በመስከረም ሲመለስ ባለፈው ዓመት በሬ ያዞረበት ቦታ ገደል ሆኖ ይቆየዋል። ወንዝም በምንጩ በኩል የሚያድገው በዚሁ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ ወንዙ የሚበላው ልል አፈር ብቻ ሳይሆን አለት በመሆኑ፣ ዘመኑ በክረምት ሳይሆን በሺህና በሚሊዮን ዓመት መቆጠሩ ነው።

አሁን በአንድ ገመገም ግራና ቀኝ ሁለት ቦረቦሮች ወደ ላይ እያደጉ ነው እንበል። አንደኛው ወደ ጥልቅ ሸለቆ የሚወርድ፣ ተዳፋቱ የበረታ ነው፤ ሌላኛው ወደ ሜዳ የሚወርድ፣ ዘገምተኛ ነው። የበረታው በፍጥነት ስለሚቆፍር ገመገሙን ከሌላው ቀድሞ ይበላዋል። አንድ ቀን ገመገሙ ይበሳና የበረታው ቦረቦር ጫፍ የሌላኛውን ውሃ ከጎኑ ያገኘዋል። ከዚያች ቀን ጀምሮ በዘገምተኛው መንገድ ይወርድ የነበረው የላይኛው ውሃ ሁሉ ወደ ጥልቁ ይዞራል። የምድር አጥኚዎች ይህን ሂደት የወንዝ ጠለፋ ይሉታል። የተጠለፈው ወንዝ የታችኛው ክፍል ውሃ አጥቶ፣ ከዛሬው ውሃው የማይመጣጠን ሰፊ ሸለቆ ይዞ ይቀራል። ወንዙ የተጠለፈበት ቦታ ደግሞ እንደ ታጠፈ ክርን ያለ ድንገተኛ መታጠፊያ ይኖረዋል።

ጠለፋ የግድ ሚሊዮን ዓመት አይፈልግም። በካናዳ ዩኮን ግዛት ከካስካዉልሽ የበረዶ ግግር የሚቀልጠው ውሃ ለረጅም ዘመን በሁለት በኩል ይወርድ ነበር፤ አንዱ በስሊምስ ወንዝ ወደ ቤሪንግ ባሕር፣ ሌላው በደቡብ በኩል ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 ግግሩ ከመሸሹ የተነሳ ውሃው በበረዶው ውስጥ አዲስ መውጫ አገኘና፣ የስሊምስ ወንዝ ውሃ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ደቡቡ መንገድ ዞረ። በሰው ዕድሜ ውስጥ፣ በሳይንቲስቶች ዓይን ፊት የተከሰተ የወንዝ ጠለፋ በመሆኑ ለትምህርት እጅግ ጠቃሚ ሆኗል።

ሜዳ ላይ ደግሞ ነገሩ ይለያል። ወንዝ ሜዳ ሲደርስ ጉልበቱ ስለሚቀንስ የተሸከመውን ደለል ያወርዳል፤ ደለሉ ከሥሩ እየተከመረ መውረጃውን ከአካባቢው ሜዳ ከፍ ያደርገዋል። እንዲህ በገዛ ደለሉ ጀርባ ላይ የሚሄድ ወንዝ አንድ ትልቅ ጎርፍ ሲመጣ ዳርቻውን ሰብሮ ዝቅ ወዳለው ሜዳ ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜም ወደ ቀድሞው አይመለስም። የቻይናው ቢጫ ወንዝ እ.ኤ.አ. በ1855 እንዲህ ዳርቻውን ሰብሮ፣ ከሻንዶንግ ልሳነ ምድር በስተደቡብ የነበረውን መግቢያውን ትቶ በስተሰሜን ወዳለው የቦሃይ ባሕር ዞሯል። አባቶቻችን «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲሉ የሰውን ጠባይ ለመግለጽ ቢሆንም፣ ወንዝ ማደሪያ የለውም የሚለው ቃል እንደ ምድር ሳይንስ ቢወሰድም እውነት ሆኖ ይገኛል። ወንጂ ያለ ሰውም ይህን በቅርብ ያውቀዋል፤ የሸንኮራ አገዳው እርሻ በአዋሽ ዳር በአፈር ግንብ የተከለለው ወንዙ ሲሞላ ሜዳው ላይ እንዳይተኛ ነውና።

እነዚህ ሁሉ ግን ገጽ ላይ የሚሠሩ ናቸው። ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ከሥር ነው፤ እዚህ ላይ አዳማ ከብዙ የዓለም ከተሞች ይልቅ ለማስረዳት የተመቸች ቦታ ናት።

ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ የፈለቀ እጅግ ብዙ ቅልጥ አለት የዛሬውን የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታ በወፍራም ንብርብር ሸፈነው። በዚያ ዘመን የሸዋንና የአርሲን ደጋ የሚለይ ሸለቆ አልነበረም። በእኛ አቅጣጫ ያለው የስምጥ ሸለቆ ክፍል መከፈት የጀመረው ከ11 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ ነው። ከዚያ በኋላ መሬቱ በግራና በቀኝ እየተሳሳበ መካከሉ ሰመጠ፤ ከሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ ደግሞ የመለጠጡ ሥራ በአብዛኛው ከሸለቆው ጠርዝ ወደ ወለሉ መካከል ተዛወረ። በዚያ መካከል የተደረደሩትን ስንጥቆችና እሳተ ገሞራዎች ፖል ሞር የተባለው የምድር አጥኚ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያጠናቸው ሲሆን፣ ሳይንሱ እስከ ዛሬ የሚጠራቸው በጎረቤታችን ስም፣ የወንጂ ስንጥቅ ቀበቶ ብሎ ነው። ቦሰት ተራራም፣ ገደምሳም፣ በቦኩ ከመሬት የሚወጣው እንፋሎትም፣ የሶደሬ ፍል ውሃም የዚሁ ቀበቶ ሥራዎች ናቸው።

መለጠጡ ዛሬም አልቆመም። በዓመት አምስት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የእጅ ጥፍር ይህን ያህል ለማደግ ሁለት ወር አይፈጅበትም። ነገር ግን አምስት ሚሊ ሜትር በአንድ ሚሊዮን ዓመት ሲባዛ አምስት ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ለወንዝ ይህ ብዙ ነው። ለውጡም ሁልጊዜ ዝግ ብሎ አይሄድም፤ ለዘመናት የተጠራቀመው በአንድ ጊዜ ሊወጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 በአፋር ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው መስመር ላይ ቅልጥ አለት ከሥር ገብቶ መሬቱን በሳምንታት ውስጥ እስከ ስምንት ሜትር ድረስ ለያይቶታል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ ለወራት በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የተከታተለውን የመሬት መንቀጥቀጥ አዳማ ያለ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። በአንድ ምሽት ሲኒዎቹ ረከቦቱ ላይ ተንቀጫቀጩ፤ ቡናው በጀበናው አፍ ትንሽ ፈሰሰ፤ አምፖሉም ከጣሪያው ሥር ሲወዛወዝ ቆየ። ያኔ የተንቀሳቀሰው አዋሽን በሸለቆው ወለል ላይ የያዘው መሬት ራሱ ነበር።

እንግዲህ አዋሽ ለምን ቆቃ ላይ እንደሚታጠፍ በዚህ መረዳት ይቻላል። ወንዙ የሚነሳው ከጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ነው። እዚያ የሚዘንበው ዝናብ በጥቂት ርቀት ልዩነት ወይ በዓባይ በኩል ወደ ሜዲትራንያን ባሕር፣ ወይ በአዋሽ በኩል ወደ አፋር ይሄዳል። አዋሽ የሸለቆውን ምዕራባዊ ጠርዝ ወርዶ ወለሉ ላይ ሲደርስ ምርጫው ጠባብ ነው። ወደ ምሥራቅ እንዳይቀጥል የአርሲ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሞበታል። ወደ ደቡብ እንዳይሄድ ደግሞ የሸለቆው ወለል በሐይቆቹ አካባቢ ከፍ ይላል፤ ብዙ ሰው ስምጥ ሸለቆን ከዳር እስከ ዳር እኩል የሰመጠ ቦይ አድርጎ ያስበዋል፣ ነገር ግን ወለሉ መካከሉ ላይ ጎብጦ በሰሜን ወደ አፋር፣ በደቡብ ወደ ቱርካና የሚያዘቀዝቅ ነው። ስለዚህ የቀረው መንገድ ሰሜን ምሥራቅ ብቻ ነበር። ከቆቃ 1,590 ሜትር ተነስቶ አቤ ሐይቅ ሲደርስ ከባሕር ጠለል በላይ 240 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በመንገዱም ብዙውን ጊዜ የስንጥቆቹን አሰላለፍ ተከትሎ ይሄዳል። አዋሽን ወደ አፋር የላከው ስምጥ ሸለቆው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መሬት ሲነሳ ወንዝ ከመታጠፍም አልፎ ወደ ኋላ ሊፈስ ይችላል። ለዚህ ከማውቃቸው ሁሉ ግልጹ ምሳሌ በኡጋንዳ ያለው የካቶንጋ ወንዝ ነው። ካቶንጋ በአንድ ወቅት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይፈስ ነበር። የምዕራቡ ስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ቀስ በቀስ ሲነሳ ግን በወንዙ ፊት የማይታለፍ ሽቅብ ተፈጠረ፤ ውሃው ቆመ፣ ረግረግ ሆነ፣ ከዚያም በመጣበት ተመልሶ ወደ ምሥራቅ መፍሰስ ጀመረ። የካጌራ ወንዝም በተመሳሳይ ሁኔታ ዞሯል። የተመለሰው ውሃ በሁለቱ የስምጥ ሸለቆ ክንፎች መካከል በረገበው መሬት ላይ ተጠራቅሞ ቪክቶሪያ ሐይቅን ለመፍጠር ረድቷል፤ ሐይቁ በጂኦሎጂ ዓይን ወጣት ነው፣ ዕድሜውም 400 ሺህ ዓመት ገደማ ይገመታል። ካርታው ላይ የካቶንጋን ገባሮች ያየ ሰው አንድ እንግዳ ነገር ያስተውላል። ገባር ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ዋናውን የሚገናኘው ወደ ፍሰቱ አቅጣጫ አዘንብሎ ነው፤ በካቶንጋ ግን ገባሮቹ ዛሬም ወደ ምዕራብ ያዘነበሉ ናቸው። ዋናው ወንዝ ዞሮ፣ ገባሮቹ የድሮውን መንገድ እንደጠቆሙ ቀርተዋል።

በደቡብ አሜሪካም በእጅጉ የገዘፈ ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። የአንዲስ ተራሮች ከመነሳታቸው በፊት በዛሬው የአማዞን ምዕራባዊ ክፍል የነበረው ውሃ ወደ አትላንቲክ አይሄድም ነበር፤ ለሚሊዮኖች ዓመታት ሰፊ ረግረግና ሐይቅ ሆኖ ወደ ሰሜን ይፈስ ነበር። ተራሮቹ ሲነሱና ደለላቸው ረግረጉን ሲሞላው፣ ከ10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ውሃው አህጉሩን አቋርጦ ወደ ምሥራቅ መፍሰስ ያዘ።

እሳተ ገሞራም ወንዝን ይዘጋል። የኪቩ ሐይቅ ውሃ በአንድ ዘመን ወደ ሰሜን ይወጣ ነበር፤ የቪሩንጋ ተራሮች ቅልጥ አለት መውጫውን ሲደፍነው ሐይቁ ሞላና በደቡብ በኩል በሩዚዚ ወንዝ ወደ ታንጋኒካ መፍሰስ ጀመረ። የእኛው ጣናም ቢሆን በቅልጥ አለት የተገደበ ሐይቅ ነው።

ይህ ሁሉ በሰው ዓይን ሳይታይ የሆነ ነገር ሆኖ ሳለ እንዴት ታወቀ የሚል ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ በአብዛኛው ጠጠር ውስጥ ነው። ከወንጂ በታች አዋሽ ዳር ጎንበስ ብሎ አንድ እፍኝ ጠጠር የዘገነ ሰው ጥቁር ባዛልት፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል አረፋ ድንጋይ፣ አልፎ አልፎም እንደ ጠርሙስ የሚያብረቀርቅ ባልጩት ያገኛል። ጠርዛቸው የከበበ ከሆነ ሩቅ ተንከባለዋል፤ ሾጣጣ ከሆነ ከቅርብ መጥተዋል። የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከላይ የሚመጣው ጠጠር ሐይቁ ውስጥ ስለሚቀር፣ ከደጋው የመጣው ድንጋይ ከግድቡ በፊት የወረደ መሆኑ ነው። ሁሉም ግን የእሳተ ገሞራ ልጆች ናቸው፤ የወንዙ ተፋሰስ እስከ ላይ ድረስ በዚያው ዓይነት አለት የተሸፈነ ነውና። እንዲህ ባለ ወንዝ ዳር፣ በጥንቱ የደለል ንብርብር ውስጥ በላይኛው ተፋሰስ ፈጽሞ የማይገኝ የግራናይት ጠጠር ቢገኝ፣ ያንን ጠጠር ያመጣው ወንዝ ከሌላ አገር ይመጣ ነበር ማለት ነው። አጥኚዎች ከዚህም ረቅቀው ዚርኮን የተባሉትን ጥቃቅን የማዕድን ቅንጣቶች ከአሸዋ ለይተው ዕድሜያቸውን ይለካሉ፤ ዕድሜውም ቅንጣቱ ከየትኛው ተራራ እንደተፈለፈለ ይጠቁማል።

ዓሣም ምስክር ይሆናል። ቱርካና ሐይቅ ዛሬ መውጫ የሌለው፣ ከኦሞ ወንዝ የሚሞላ ሐይቅ ነው። ነገር ግን በውስጡ የናይል ፐርችን የመሰሉ የዓባይ ዓሦች ይኖራሉ። ዓሣ ተራራ አይሻገርም፤ ሐይቁ በእርጥብ ዘመናት ሞልቶ ወደ ነጭ ዓባይ ገባሮች ይፈስ እንደነበር ከሚያረጋግጡት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

በዚሁ ወደ ዝዋይና መቂ እንመለሳለን፤ የእኛ አካባቢ ለውጥም ከቱርካናው ጋር አንድ ዘመን ነው። ከ11 ሺህ እስከ 5 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ባለው ጊዜ ሰሜንና ምሥራቅ አፍሪካ ከዛሬው በጣም እርጥብ ነበር፤ ሰሃራ እንኳ ሣርና ሐይቅ ነበረው። በዚያ ወቅት ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አራት ሐይቆች አልነበሩም። ተገናኝተው አንድ ትልቅ ሐይቅ ሆነው የውሃ ገጻቸው 1,670 ሜትር ገደማ ደርሶ ነበር። የሻላ የውሃ ገጽ ዛሬ 1,558 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ዛሬ በሻላ ዳር የቆመ ሰው በራሱ ላይ ከመቶ ሜትር የሚበልጥ ውሃ እንደነበር ማሰብ ይችላል። ማስረጃው በዓይን የሚታይ ነው፦ በሐይቆቹ ዙሪያ እንደ ደረጃ የተቆረጡ የድሮ ዳርቻዎች፣ እንደ ኖራ የነጣ ቀላል ደለል፣ በደለሉ ውስጥ ደግሞ የውሃ ቀንድ አውጣ ቅርፊቶች ይገኛሉ። የቅርፊቶቹ ዕድሜ በካርቦን ተለክቷል።

ያ ሐይቅ ከዚያ በላይ አልወጣም፤ ምክንያቱም 1,670 ሜትር ላይ ሲደርስ በሰሜን በኩል ያለውን ዝቅተኛ ገመገም አልፎ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። ገንዳ ሲሞላ በዝቅተኛው ከንፈሩ እንደሚፈሰው ማለት ነው። የሐይቆቹ ከንፈር በሰሜን ነበር። ዝናቡ ሲቀንስ የውሃው ገጽ ከከንፈሩ በታች ወረደና መፍሰሱ ቆመ፤ ሐይቁ እየጎደለ ሄዶ ለአራት ተከፈለ፤ ዝዋይም ትርፉን በሰሜን ማውጣቱን ትቶ በደቡብ፣ በቡልቡላ በኩል፣ 1,578 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው ወደ አብያታ ማውረድ ያዘ። በዚህ ሁሉ መሬቱ መሰንጠቅ፣ ገመገሙም መበሳት አላስፈለገውም። የውሃው መጠን ብቻ ተቀየረ፣ አቅጣጫውም ተገለበጠ። ከሁሉም ምሳሌዎች ይህኛው ይበልጥ የሚያስደንቀኝ፣ ካቶንጋንና አማዞንን የመሰሉት የመሬት መነሳት ሲያስፈልጋቸው፣ የእኛው በዝናብ ብቻ የሆነ መሆኑ ነው።

ዛሬ ወደ ዝዋይ የሚገባው የመቂና የከታር ውሃ ለመስኖ በብዛት ስለሚወሰድ ቡልቡላ ራሱ እየደከመ፣ አብያታም እየሸሸ ነው። ስለዚህ ውሃው ተመልሶ ከሰሜኑ ከንፈር ይደርሳል ማለት ለአሁኑ የማይታሰብ ነው። ሆኖም ከላይ ያነሳሁት የከፍታ ልዩነት እንዳለ ነው። ዝዋይ ከቆቃ በ45 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ በመካከላቸው ያለው መሬትም ጠንካራ ተራራ አይደለም። በአዋሽ በኩል አንድ ቦረቦር ጫፉን ወደ ደቡብ እየበላ ለሺህዎች ዓመታት ቢያድግ፣ ወይም ከሥር ያለው ስንጥቅ ገመገሙን በጥቂት አሥር ሜትሮች ዝቅ ቢያደርገው፣ ዝዋይ ሐይቅ ዝናብ ሳይጨመርበት ወደ አዋሽ ይገለበጣል። በአንጻሩ የቆቃ አካባቢ ከሥር ቢነሳ አዋሽ ደቡብን ሊመርጥ ይችላል። በዓመት አምስት ሚሊ ሜትር በሚለጠጥ ሸለቆ ውስጥ ከሁለቱ የትኛው እንደሚቀድም የሚወስነው፣ ዓለም ጤና ላይ አውቶቡሱ ማርሽ እንኳ ሳይቀይር የሚያልፈው ያ ከፍታ ነው።